ከደረጃው አናት ያለችው ሴት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳን ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ብቻ ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገር።

የሥዕል አስተማሪ ነኝ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር አንዴ ከጀመረ ደወልም አያስቆመው» እያሉ ያሙኛል። ስለዚህ ይህንንም ከመጀመሪያው አስረዳለሁ። ማስረዳቴ ማመካኛ ሲሆን ካያችሁ ግን አትመኑኝ።

ቡራዩ ውስጥ ቴአትርና ሙዚቃ የሚቀርብበት አንድ አዳራሽ አለ። ሲታደስ ግድግዳው ባዶ እንዳይቀር ተብሎ የአካባቢው ሰዓሊዎች ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ ሰጡ። የመስቀሉንና የመጠበቁን ኃላፊነት እኔ በፈቃዴ ወሰድኩ። ሥዕሎቹ የራሳቸው ክፍል የላቸውም፤ ከቲኬት መቁረጫው ጀምሮ በኮሪደሩና በደረጃው፣ ተዋንያን እስከሚለብሱበት ክፍል በር ድረስ ተሰቅለዋል። ቴአትር ሊያይ የመጣ ሰው ሳያስበው ሥዕልም አይቶ ይሄዳል። እኔ ደግሞ በሚያሳዩት ከተማ ቅደም ተከተል አወጣሁላቸው፤ ከታች ሰበታ፣ በደረጃው ቡራዩ፣ ከደረጃው አናት ሱሉልታ። ሰው ደረጃውን ወጥቶ ሲጨርስ ከተሞቹን ዞሮ እንዲጨርስ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል እንዴት እኮራ ነበር!

ከደረጃው አናት የሰቀልኩት የኦቦ ለሜሳን ሥዕል ነበር። ኦቦ ለሜሳ ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ናቸው፤ ፉሪ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሥዕሉ ላይ ሯጮች የሱሉልታን ጭጋግ ሰንጥቀው ያልፋሉ። ከመንገዱ ዳር ሚኒባስ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ዞር ብላ ታያቸዋለች። ሴትዮዋ ወይዘሮ አያንቱ፣ የኦቦ ለሜሳ ሟች ባለቤት ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ወይዘሮ አያንቱ ፎቶ መነሣት አይወዱም ነበር፤ የመታወቂያቸውን ፎቶም ውኃ ነክቶት ፊት አይለይበትም። ኦቦ ለሜሳ ሥዕሉን ሲያስረክቡኝ «እቤት ብቻዬን ከማያት፣ ሰው ይያት» አሉኝ። እኔም «በእኔ ይጣሉት» አልኩ።

አዳራሹ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠርግ ይከራያል። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡት ከደረጃው አናት ስለሆነ፣ ከሠርግ በፊት እዚያ ያለው ሥዕል እንዲወርድ ደንብ አውጥቼ ነበር። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ።

የዚያን ቅዳሜ ዲኮር የምትሠራው ሄለን ሥዕሉን ስታይ በሳቅ ፈነዳች።

«ቲቸር ሙት! ከሙሽራ ጀርባ ሯጭ ይቆማል? ልታመልጥ ነው ብለው ያሙብናል እኮ!»

አውርዱት ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ተማሪዎች ላስጎበኝ ነበር፤ አንዱ ሥዕል ከጎደለ ቅደም ተከተሌ ይበላሻል ብዬ ሠጋሁ። «የዲኮሩን ጨርቅ በላዩ አልብሱት» አልኩ። ሄለን እንዲያውም «ሚስማር ልንመታ ነዋ?» ብላ ጠይቃኛለች። «ፍሬሙ ላይ ከሆነ ችግር የለውም» ያልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ብቻዬን ጨርቁን ጎትቼ ሳወርድ አንዱ ሚስማር አብሮ ተነቀለና ሸራውን ይዞ ወረደ። የወይዘሮ አያንቱ ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ተቀደደ።

ለኦቦ ለሜሳ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ማንም ሳያይ ሸራውን ከጀርባው ለጠፍኩ፤ ቀለሜን አመጣሁና ሥዕሉ ሲሰቀል በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ እያየሁ ፊቱን እንደገና ሳልኩት። አፍንጫው መጣልኝ፣ ከንፈሩም መጣልኝ፤ ዓይኖቹ ግን እንቢ አሉኝ። ደጋግሜ ሞከርኩና ሰፋ ሰፋ አድርጌ ተውኳቸው። ቆንጆ ሴት ሆነች። ሌላ ሴት ሆነች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኦቦ ለሜሳ ቴአትር ሊያዩ መጡ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለውኝ የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ። ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። ቆይተው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ።

«አያንቱ ራቅ ያለ ነገር ስታይ ዓይኗን ጠበብ ታደርግ ነበር» አሉ። «ይቺ ምነው አፈጠጠች?»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ ይመጣልኝ ነበር? እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። የመስኮቱ ብርሃን ቀለም እንደሚያሳስት አስረዳሁ። ሰዓሊ የገዛ ሥራውን ቆይቶ ሲያየው እንግዳ እንደሚሆንበት አስረዳሁ። ሰውየው እኔ ሳልወለድ ሥዕል ያስተምሩ ነበር፤ እኔ ስለ ሥዕል አስረዳኋቸው!

«እርስዎ እንደሳሏት ናት፤ ማንም አልነካትም» አልኩ።

«ያኔ ፎቶ አንሥተኸው አልነበር? እስቲ አሳየኝ።»

«ያ ስልክ ተሰረቀብኝ፣ ኦቦ።»

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቀና ብለው አዩኝ። መጠርጠር ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን እኔን ከመጠርጠር ራሳቸውን መጠርጠር መረጡ።

«እንግዲያው ፊቷን ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አሉ። ቴአትሩን ሳያዩ ወረዱ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ተከተልኳቸው? አልተከተልኳቸውም። ወደ ቤቴ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ፎቶውን ከስልኬ አጠፋሁት፤ አንድ ቀን ማንም እንዳያመሳክርብኝ ብዬ። ሸራው ቢቀደድ ሳይታሰብ የመጣ ጥፋት ነው ይባል። ፎቶውን ግን አስቤ፣ አመዛዝኜ፣ በገዛ ጣቴ አጠፋሁት። የወይዘሮ አያንቱ እውነተኛ ፊት ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አንዱ እኔ ኪስ ውስጥ፣ ሌላው እሳቸው ልብ ውስጥ። ሁለቱንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ለሜሳ ለብዙ ጊዜ ከዓይኔ ጠፉ። ክረምቱ ሲወጣ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው መጡ። ፈታሁት። አዲስ ሥዕል ነበር፤ ወይዘሮ አያንቱ ብቻቸውን፣ ያለ ሯጭ፣ ያለ መንገድ። ዓይኖቹ ሰፋፊ ናቸው። የእኔን ዓይኖች ነው የገለበጡት።

«ወደ ደረጃው አናት እየመጣሁ ሳጠናት ነበር፤ በመጣሁ ቁጥር አንተ የለህም እንጂ» አሉኝ። «እጄ እንቢ እያለ ወደ ድሮው ይጠብብብኝ ነበር። አስተካከልኩት። አሁን ልክ መጣችልኝ?»

እጃቸው ያስታውስ ነበር! እጃቸው እውነቱን ሲነግራቸው የእኔን ቃል አምነው እጃቸውን አረሙት።

«ልክ ናት፣ ኦቦ» አልኩ።

ይህችኛዋ ከመድረኩ መግቢያ አጠገብ ተሰቅላለች። የሰቀልኳት እኔ ነኝ፤ ውኃ ልክ ይዤ፣ ዘንበል እንዳትል አድርጌ።

«አሁን ብነግራቸው የቀረቻቸውን ፊት እወስድባቸዋለሁ» እያልኩ ብዙ ጊዜ ለራሴ አስረድቻለሁ። ጥሩ ምክንያት ይመስላል፤ ለዚህ ነው የማላምነው። የማዝነው ለእሳቸው ነው ወይስ ለስሜ? ደረጃው ላይ ስቆም መልሱን አውቀዋለሁ። ሄለን ጥፋት የለባትም፤ ጠይቃ ነው የመታችው። ሙሽሮቹም ጥፋት የለባቸውም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ ፊቷን ያጣችሁት እናንተ አይደላችሁም።

ኦቦ ለሜሳ አሁንም ትርኢት ባለ ቁጥር ቀደም ብለው ይመጣሉ። ከመድረኩ መግቢያ አጠገብ ቆመው፣ ቲኬት ይዞ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ በኩራት «ባለቤቴ ናት» ይላሉ። ሰዉም «ያምራሉ» ብሎ ያልፋል። እኔ ከጎናቸው ቆሜ እሰማለሁ።

ባለቤታቸው አይደለችም። የእኔ ውሸት ናት፤ በእሳቸው እጅ የተሳለች።