ከቴፒ የሚመጣው ፍላሽ

ሚዛን አማን ውስጥ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አለች ሲባል ሰው መጀመሪያ እኔን ለማየት ይመጣል፤ ኮምፒውተሩን የሚያመጣው ቀጥሎ ነው። "ባለሙያው የለም?" ይሉኛል ፊቴ ቆመው። "አለች፣ እያናገርካት ነው" እላለሁ። ትንሽ ቁጡ ነኝ። እናቴ "በዚህ ምላስሽ ማን ያገባሻል?" ትለኛለች። አንድ ሰው ግን ይህን ምላሴን ለመስማት ብሎ ሆን ብሎ ያናድደኝ ነበር። የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

የተዋወቅነው ቴፒ፣ የኮምፒውተር ጥገና አጭር ሥልጠና ላይ ነው። አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ሲያድሉን ከእሱ ጋር ደረሰኝ። አፉን የፈታው በሸኮ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛውን ረጋ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ ነው የሚናገረው። እኔ አንዱን ነገር ሦስቴ ብዬ ስጨርስ እሱ ገና "እ..." ይላል። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ጊታር ይመታል፤ እኔ ደግሞ ነጠላዬን አጣፍቼ ከእናቴ ጋር ማርያም እሄዳለሁ። ይህ ጉዳይ በመካከላችን አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም፤ ግን ሁለታችንም ልብ ብለነዋል።

ሥልጠናው ሲያልቅ እሱ እዚያው ቴፒ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ሱቅ ከፈተ። እኔ ወደ አማን ተመለስኩ። የእኛ ሥራ ያለ ፍላሽ አይሆንም። ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ዊንዶውስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቶ ከፍላሹ ማስነሳት ነው፤ ውስጡ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ፍላሹን ለመሥራት ደግሞ ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል። በእኔ በኩል ኔትወርኩ ግማሽ ላይ ይደርስና ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ። የእሱ ይሻላል። ስለዚህ እሱ ይሠራልኛል፣ በወረቀት ጠቅልሎ ለሚኒባስ ሹፌር ይሰጣል፣ እኔ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ሲበላሽብኝም በዚያው መኪና መልሼ እልከዋለሁ።

ሹፌሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ቀን ተቆጥተው ነው ያስረከቡኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ፍላሽ ዘፈን የለውም እንዴ? ከቴፒ እስከ ሸኮ ከተማ ስነካካው መጣሁ፣ አንድም ነገር አይጫወትም።"

ለካ ፍላሹን የመኪናው ቴፕ ላይ ሰክተውታል። "ጋሼ፣ እሱ እኮ ለኮምፒውተር ነው" ብላቸው "ፍላሽ ፍላሽ ነው" አሉኝ። ደውዬ ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ። በሚቀጥለው ጊዜ ከዊንዶውሱ ጎን አንድ የጊታር ቅጂ አስቀምጦ ላከ። ራሱ የመታው ነው፣ ቃል የለውም። "ለሹፌሩ ነው" አለኝ። እኔም ያመንኩ መስዬ ቀኑን ሙሉ ሳዳምጠው ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ፍላሽ በመጣ ቁጥር አዲስ ቅጂ አይጠፋበትም። ጋሼም ባስረከቡኝ ቁጥር "ጊታሩስ ጥሩ ነው፤ ግጥሙ መቼ ነው የሚመጣው?" ይሉኛል።

ፍላሹ እንቢ ሲለኝ ለእሱ እደውላለሁ።

"ኮምፒውተሩ ፍላሽህን አያየውም።"

"ከፊት ነው ከኋላ የሰካሽው?"

"ከፊት።"

"ከኋላ ሰኪው።"

"አሁንም አያየውም።"

"እ... ሲነሳ ዴሊት እየመታሽ ሴቲንጉ ውስጥ ግቢና ፍላሹን ከሃርድ ዲስኩ አስቀድሚው።"

"አስቀድሜዋለሁ! ሕፃን መሰልኩህ?"

"እንግዲያው ማሽኑ አሮጌ ነው። እኔ የሠራሁት ለአዲሶቹ በሚሆነው ነው። ለአሮጌ በሚሆነው ሠርቼ ነገ እልካለሁ።"

ነገ እልካለሁ ሲለኝ ደስታዬ! ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ ይበሳጫል፣ የእኔ ፊት ይበራል።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን ብዙም ሳይቆይ ለምጄዋለሁ። የላከልኝን ዊንዶውስ ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጬ አስቀርቼ ነበር፤ ለአሮጌውም ለአዲሱም የሚሆነውን ራሴ መሥራት ጀመርኩ። ግን ቻልኩ ካልኩት ምን ብዬ እደውላለሁ? ድምፅህ ናፈቀኝ ልበለው? ሌላዋ ትል ይሆናል። እኔ ይሄ ሁሉ ምላስ እያለኝ እዚህ ላይ ስደርስ ይተሳሰርብኛል። ስለዚህ ፍላሹ ተበላሸ፣ ፍላሹ ጠፋ፣ ላክልኝ እላለሁ። ይልካል።

አንድ የክረምት ቀን ጋሼ ፍላሹን ሲሰጡኝ "ዛሬስ ጊታሩም የለም" አሉኝ። ሱቅ ገብቼ ሰካሁት። ባዶ ነው። አንዲት መምህርት ላፕቶፗን አምጥታ አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች። ደወልኩ።

"ባዶ ፍላሽ ነው እኮ የላክልኝ። ተሳስተሃል።"

"አልተሳሳትኩም" አለኝ። ያን ቀን "እ..." አላለም። "ባለፈው ተበላሸ ብለሽ የመለስሽው ላይ እኔ ያልሠራሁት ዊንዶውስ ነበረበት። ሞከርኩት፣ ከእኔው የበለጠ ይሠራል። አንቺ ከቻልሽ ቆይተሻል። የምትደውይው ለፍላሽ ከሆነ ይኸው ባዶው፣ ራስሽ ሥሪው። ለእኔ ከሆነ ደግሞ ፍላሽ አያስፈልግም፣ እንዲሁ ደውይ። ለእኔ ነው?"

መምህርቷ አፍ አፌን ታየኛለች። ፊቴ ጋለ።

"እሺ፣ ደርሶኛል" አልኩት፣ ስለ ዕቃ እንደማወራ ሁሉ። "ሰው አለ። ማታ እደውላለሁ።"

"እሺ። እጠብቃለሁ።"

ማታ ኔትወርክ አልነበረም። ዝናብ ሲበረታ መጥፋቱ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የዚያን ጊዜው ግን ለሳምንታት ጠፍቶ ቀረ። የቴፒ መንገድም በናዳ ተይዞ መኪና ቆመ። ስልኬን ወደ ላይ ይዤ በአማን ጭቃ ከዳገት ዳገት ዞርኩ። እዚያ ማዶ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ይሆናል፣ መልሷ ይሄ ነው ብሎ ይሆናል እላለሁ። ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ የደወልኩት ለእሱ ነው። ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም አለችኝ ያቺ ሴትዮ። በማግስቱም ያንኑ አለችኝ።

መንገዱ ሲከፈት ራሴ ልሄድ ተነስቼ ነበር፤ ለእናቴ የምላት አጣሁ። ስለዚህ ያን ባዶ ፍላሽ ሰካሁት። አሮጌውንም አዲሱንም ማሽን የሚያስነሳ አድርጌ ሠራሁት። ከዊንዶውሱ ጎን የእሱን ጊታር ጫንኩ፣ በጊታሩ ላይ ደግሞ በራሴ ድምፅ ተናገርኩበት። መዝፈን አልችልበትም። "ለአንተ ነው የምደውለው። ከመጀመሪያውም ለአንተ ነበር። ና" አልኩ። ይኸው ነው ግጥሙ። በወረቀት ጠቅልዬ ለጋሼ ሰጠሁ።

ሲመለሱ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። ፍላሹን መልሰው ጠቅልለው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

"ሱቁን ሌላ ሰው ይዞታል። ሥራ አግኝቶ ሩቅ፣ ወደ ቱም ከተማ ሄደ ነው የሚሉት። ቁጥሩንም ቀይሯል፤ አዲሱን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አጣሁ።"

ስለ ዘፈኑ የተለመደውን እንዲሉኝ ጠበቅሁ። ጋሼ ተረብ አጥተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ቀና ብለው አላዩኝም። ዞረው የመኪናቸውን ጎማ ማየት ጀመሩ።

ፍላሹ ዛሬም ከእኔ ጋር ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሞቷል የተባለ ላፕቶፕ አስነሳሁበት፤ አንድም ቀን እንቢ ብሎኝ አያውቅም። ከቱም የመጣ ደንበኛ ነው ሲሉኝ አሁንም ከሥራዬ ቀና እላለሁ። ናፍቆኛል። ያ "እ..." ሲል የሚያበሳጨኝ ነገር ናፍቆኛል። ግጥሙን ጋሼ እንደ ልማዳቸው መኪናው ላይ ሰክተው ሰምተውታል፣ የዚያን ቀን የቴፒ ተሳፋሪም ሰምቶታል። ያልሰማው እሱ ብቻ ነው።