ጆንያ ላይ ያለቀ ሽምግልና

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ለእህቴ ልጅ ለዳዊት ሚስት ልንጠይቅ ሄድን... የሄድነው ግን ወደ ቤት አይደለም፤ እህል በረንዳ ወደሚገኝ የጤፍ መጋዘን ነው።

የልጅቷ አባት አቶ ሳህሌ «ቅዳሜ ገበያ ጥዬ የትም አልሄድም፣ እዚሁ ይምጡ» ብለው ነው። ደሜ መፍላት የጀመረው ያኔ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ቤት ነው። በዚያ ላይ ሦስት መሆን ሲገባን፣ ሦስተኛችን ለባቡሩ በተቆፈረው መንገድ ምክንያት ታክሲ አጥቶ ቀረ። እኔና ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ብቻ ደረስን።

ዳዊት «ጋሼ፣ አደራህን እንዳትቆጣ» ብሎኛል። አባትየው ለሌላ ሰው ሽማግሌዎች የእሁድ ቀጠሮ እንደሰጡ ሰምቷል።

አቶ ሳህሌ ሁለት ጆንያ አራግፈው «አረፍ በሉ» አሉን።

«መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አልኩ። «እኛ ጎጃም ሽማግሌ የሚጠይቀው ቆሞ ነው። የሚቀመጠው ልጅቷ ስትሰጠው ነው።»

«እኛ ጉራጌዎቹ ደግሞ እንግዳ ቁጭ ሳይል ወሬ አንጀምርም። እዚህ ሰፈር ቆሞ የሚያወራው ደላላ ነው። ልጄን በደላላ አልድርም።»

«እኛ ዘንድ ሳይፈቀድለት የሚቀመጥ ሽማግሌ ለሆዱ የመጣ ነው።»

«እንግዲያው ቁሙ» አሉና ወደ ደንበኛቸው ዞሩ።

ቆምን... ስልካቸው ይጮኻል። ተሸካሚዎች «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ በመካከላችን ያልፋሉ። ኪሴ ውስጥ ዳዊት ይደውላል፤ አላነሳም። ጋሽ ታደሰ አንዴ በአንድ እግሩ፣ አንዴ በሌላው ይቆማል።

«ቁጭ ብንልስ? ጉልበቴ እኮ አለቀ።»

«ደንብ ደንብ ነው።»

«ደንቡ የእኔን ጉልበት ቢይዝልኝ ጥሩ ነበር።»

ከቆምን ግማሽ ሰዓት አልፏል። ልመልስለት ዞር ስል ኩንታል የተሸከመ አንድ ጎልማሳ ትከሻዬን ገጨኝ። ሄጄ ጆንያው ላይ ዘጭ አልኩ። ከኩንታሉ ጤፍ ራሴ ላይ ፈሰሰ፤ ጥቁር ሱፌ በአንድ ጊዜ ግራጫ ሆነ።



አቶ ሳህሌ ስልካቸውን ዘግተው መጡ። «በእናንተ ደንብ ሽማግሌ የሚቀመጠው ልጅቷ ስትሰጥ ነው ያሉኝ?»

«አዎ፤ ነገር ግን እኔ ወደቅሁ እንጂ አልተቀ...»

የጋሽ ታደሰ እጅ ትከሻዬ ላይ አርፎ ወደ ታች ተጫነኝ። «ተቀምጧል» አለ። ከዚያ እሱም ፈጠን ብሎ አጠገቤ ቁጭ አለ።

አቶ ሳህሌ አልሳቁም። ሌላ ጆንያ ስበው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ።

«ልጄ ልጁን እንደምትወደው ከነገረችኝ ቆይቷል» አሉ። «እኔ የፈለግሁት ወገኖቹ አጠገቤ ቁጭ ሲሉ ማየት ብቻ ነበር። በሉ፣ አሁን ጠይቁኝ።»

ሁለት ሳምንት ያጠናሁት ንግግር ቆሞ የሚነገር ነበር። ልነሳ አሰብኩ... የጋሽ ታደሰ እጅ አሁንም ትከሻዬ ላይ ነው። ጤፍ ከጸጉሬ እየረገፈ፣ ተቀምጬ ጠየቅሁ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ። የእሁዱን ቀጠሮ እዚያው በስልክ ሰረዙት።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ዳዊት ደስ ብሎታል፣ እናቱም ደስ ብሏታል፤ ጋሽ ታደሰም ታሪኩን በየሄደበት ያወራል። ሲያወራ ከሰማችሁ ግን አንድ ነገር አርሙልኝ... አልተቀመጥኩም፤ ተገፍቼ ነው።