ምራቁን የዋጠ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የቡና ለቀማው ሊያበቃ ሲል፣ ሊሙ ገነት ላይ ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ ባየሁ ቁጥር ስለሚመለስብኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ጅማ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ስጨርስ ከጓደኞቼ ጋር የቡና እርጥበት መለኪያ ሠራን። በእጅ የሚያዝ ነው። ሆዱ ውስጥ ጤፍ የምታክል ቺፕ አለች፤ እሷ ላይ ደግሞ ለዓይን የማትታይ ምላስ አለች። ምላሷ እርጥበት ሲነካት ትጎብጣለች፤ ማሽኑ ያንን አንብቦ «ደረቅ» ወይም «እርጥብ» ይላል። መሥራቱስ ተሠራ፤ ገዢ ማግኘቱ ግን ከመሥራቱ ባሰ። ሰርቦ ከተማ ያነጋገርናቸው ነጋዴዎች «ጥርሴ እያለ?» ብለው ፍሬ እየነከሱ አሳዩን።

በመጨረሻ ሊሙ ገነት ያለ አንድ ትልቅ የቡና ነጋዴ «አምጪውና ልየው» አለኝ። እሱ ከገዛ ሌሎቹም ይከተሉታል። ደስታዬን አልችለው አልኩ።

አባቴ እዚያው ሊሙ ቡና አምራች ነው። «በኔ ቡና ነው የሚሞከረው» ብሎ አንድ ጆንያ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በበቅሎ ጭኖ አብሮኝ መጣ። ጠዋት ቤት ለክቼው ደረቅ ነበር። በእፍኝ ይዘው ሲያናውጡት እንደ ጠጠር ይንኳኳል።

የነጋዴው ግቢ ቡና ሊያስረክቡ በመጡ ገበሬዎች ተሞልቷል። «እስቲ ጉድሽን አሳዪን» አለኝ ነጋዴው። ማሽኑን ሳወጣ አባቴ ተቀበለኝ፤ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘውና እንደ አገራችን ወግ መረቀው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ረቢ ሲ ሃ ገርጋሩ፣ ፈጣሪ ይርዳሽ! ገበያ ይቅናሽ፣ ኢንሻአላህ! ቱፍ! ቱፍ!»

ምራቁ ቺፗ የምትተነፍስበት ቀዳዳ ላይ አረፈ። ነጋዴው ፊት ለፊት ቆሞ አይቷል። በሻሼ ጫፍ ልጠርገው ስል ነጠቀኝና ጆንያው ውስጥ ሰካው።

«እርጥብ!» ብሎ ለግቢው ሁሉ ጮኸ። «አባባ፣ የገዛ ልጅዎ ማሽን መሰከረብዎ!»

«ጋሼ፣ ምራቅ ገብቶበት ነው። ይድረቅና እንደገና ይለኩት። ወይ ይንከሱት!» ብዬ ለመንኩት። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም። አባቴን ከላይ እስከ ታች አየውና «እኔማ ምራቅዎን የዋጡ ሰው መስለውኝ ነበር» አለው።

ግቢው በሳቅ አውካካ። ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ ቡናቸውን የሚረከባቸው እሱ ነው።

አባቴ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «የልጄ ማሽን አይዋሽም» አለ ቀስ ብሎ። «እርጥብ ካለ እርጥብ ነው። በእርጥብ ዋጋ ይውሰዱት።» ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲያደርቅ የኖረ ሰው፣ የኔ ዕቃ ገበያ እንዳያጣ ብሎ በገዛ ቡናው ላይ መሰከረ።

ነጋዴው በእርጥብ ዋጋ ከፍሎ ጆንያውን አስነሳ። «ማሽኑንስ?» አልኩት፤ ሞኝ ነኝ።

«ተበላሽቷል እያልሽኝ አይደል? የተበላሸ ዕቃ አልገዛም» አለኝ። «ፍርዱን ግን ተቀብያለሁ።»

ስንመለስ አባቴ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ «ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ?» ሲል ጠየቀኝ። «በጭራሽ፣ አባ» አልኩት። አላመነኝም።

ቀዳዳዋን አሁን ውሃ በማያሳልፍ ስስ ነገር ሸፍነናታል። ምራቅ ቢነካውም ማሽኑ አይሳሳትም። ሊሙ ገነት ላይ ግን ዛሬም የሚገዛን የለም፤ ታሪኩ ከኛ ቀድሞ ይደርሳል። ያንን ሰው ይቅር አላልኩትም፤ የምለውም አይመስለኝም።

በቅርቡ የወንድሜ ኒካህ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ቱፍ ቱፍ እያሉ ሙሽሮቹን መረቁ። የአባቴ ተራ ደረሰ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀው። አባቴ እጁን ዘረጋና ከንፈሩን ገጠመ። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። ምራቁን ዋጠ።