አባቷ ሥልጠና ላይ ነው

ሙንተሲር ሰዑድ ወደ ሕፃናትና ቤተሰብ ድጋፍ ሥራ የገባው በድምፁ ነው። ከዚያ በፊት ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር። «ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ» ብሎ ሲጣራ፣ ተሳፋሪው ቀርቶ መሄድ ያላሰበ ሰው እንኳ እግሩ ይነሣል ይባልለት ነበር። አንድ ቀን ከደሴ የመጣ የፕሮጀክት ኃላፊ መኪናው ተበላሽቶበት መናኸሪያው ውስጥ ሲቆም ይህን ድምፅ ሰማ። የፕሮጀክቱ ድምፅ ማጉያ በየስብሰባው መሀል እየጠፋ ያስቸግር ስለነበር፣ ሰውየውን አስጠርቶ ትምህርቱን ጠየቀው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል፤ ጽሕፈቱም ንጹሕ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሙንተሲር «የማኅበረሰብ አመቻች» ተብሎ ሰማያዊ ሰደርያ ለበሰ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን ሲጀምር የሚናገረው እንደኛው ነበር፤ በዚያው ንግግርም ብዙ ሠርቷል። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ እናቷ የሞተችባትን ልጅ አክስቷ ዘንድ ያስገባት፣ ትምህርት ቤትም ወስዶ ያስመዘገባት እሱ ነው። «አንቺ ዘንድ ብትሆን ይሻላል» አላት አክስትየዋን። አክስትየዋም «ይሻላል» አለች፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ያበላሸው ኮምቦልቻ ላይ የወሰደው ሥልጠና ነው። የሥልጠናው ርዕስ «ቁልፍ ቃላት በሕፃናትና ቤተሰብ ድጋፍ አገልግሎት» የሚል ነበር። አሠልጣኙ ቃላቱን በትላልቅ ወረቀት እየጻፈ የሆቴሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ሙንተሲር ከሥር ቁጭ ብሎ ያያል። ተጋላጭነት፣ ባለድርሻ አካላት፣ ጣልቃ ገብነት፣ ቅብብሎሽ፣ የሕፃኑ የላቀ ጥቅም። ዕድሜውን ሙሉ የሦስት ከተማ ስም ሲጠራ ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ቃል መጥራት ትልቅ ነገር ነው። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

በገበያ ቀን ውጫሌ ወርዶ ሰው ሰበሰበና «ተጋላጭ ሕፃናትን በጋራ መለየት አለብን» ሲል፣ ከፊት የቆመች ሴት ልጇን ወደ ነጠላዋ ሳብ አድርጋ «የኔስ ልብስ አለው» አለች። «ባለድርሻ አካላት ሁሉ ይሳተፋሉ» ሲል ደግሞ አንድ ገበሬ ተነሥቶ ድርሻው መቼ እንደሚታደል ጠየቀ። «አስፈላጊ በሆነበት ቤት ጣልቃ ገብነት እናደርጋለን» ሲል ግን ማንም አልጠየቀም። በሰው ቤት ጣልቃ መግባትን አምባሰል ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የገረማቸው ለዚያ ፕሮጀክት ማስፈለጉ ብቻ ነው።

ቃላቱን እቤቱም ይዟቸው ገባ። ሚስቱ ሀዲያ የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ አንዲት ልጅ አላቸው፣ ዑምኩልሱም ትባላለች፣ ሦስተኛ ክፍል ናት። አንድ ማታ ልጅቱ ፀጉሯን ስትሠራ አልቀመጥ አለችና ሀዲያ ጭኗን ቆንጠጥ አደረገቻት።

«ሀዲያ» አለ ሙንተሲር ከስልኩ ቀና ብሎ፣ «አዎንታዊ የዲሲፕሊን ስልት ተጠቀሚ።»

«ስልቱ እጅ አለው?» አለች ሀዲያ። «እጅ ካለው ና ያዝልኝ።»

አልያዘላትም። በማግሥቱ ደሴ ሥልጠና ነበረበት። ከደሴ ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ ኮምቦልቻ። ሠልጣኝ የነበረው ሰውዬ የአሠልጣኞች ሥልጠና ወሰደ፤ ከዚያ ደግሞ ሌሎች አሠልጣኞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ የሐይቅ ቢሮ ኃላፊም ሆነ። ስለ ሁሉም ነገር ያሠለጥናል፤ ይበልጥ የሚወደሰው ግን «የአባቶች ተሳትፎ በልጆች አስተዳደግ» በሚለው ርዕስ ነበር። ይህንኑ ውጫሌ ላይ ሲያሠለጥን በሰነበተበት ሳምንት ዑምኩልሱም ታይፎይድ ያዛት። ጤና ጣቢያ በባጃጅ ያመላለሷት የአጥር ጎረቤታቸው ጋሽ አምሳሉ ናቸው። ጋሽ አምሳሉ የመንገድ ሥራ ሹፌር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጅቱ መድኃኒቱ መረረኝ ስትል «እኔም ልቅመሰው እስቲ» እያሉ ፊታቸውን አጨማደው ያስቋታል።

ልጅቱ ከዳነች በኋላ ትምህርት አልሆንልሽ አላት። ክፍል ውስጥ ሲጠይቋት ዝም ትላለች። መምህሯ ዝናው ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ የመጣ፣ ለከተማው እንግዳ የሆነ ወጣት ነበር። ወላጅ ይዘሽ ነይ አላት፤ ጋሽ አምሳሉን ይዛ መጣች።

«አባትሽ ናቸው?» አላት።

«ጎረቤታችን ናቸው።»

«አባትሽስ?»

«ሥልጠና ላይ ነው።»

ከወር በኋላም ጠየቃት፤ ሥልጠና ላይ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅም ጠየቃት፤ አሁንም ሥልጠና ላይ ነው። ዝናው አሰበ። በዚህ ዓለም ላይ ይህን ያህል ጊዜ የሚወስድ ሥልጠና የለም። አባቷ ታስሮ ወይም ጥሏቸው ጠፍቶ ይሆናል፤ እናቲቱ ለልጇ እውነቱን መንገር ከብዷት ነው ብሎ ደመደመ። ሙንተሲር ካሠለጠናቸው አንዱ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቶ ስለ ቅብብሎሽ ያስተማረው ግማሽ ቀን ደግሞ ከአእምሮው አልጠፋም ነበር። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲያጋጥም ጉዳዩን ወደሚመለከተው ማስተላለፍ ነው። አስተላለፈ።

ጉዳዩ የደረሰው ሰብለወንጌል ለምትባል ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው። የውጫሌ ልጅ ናት፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ ከገባች ብዙም አልቆየችም። አድራሻውን እየጠየቀች ሄዳ በሩን አንኳኳች። ሀዲያ ከፈተችላት። ገና ገብታ ስትቀመጥ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰ ሰው ፎቶ አየች፤ አለቃዋ ነው።

«ተሳስቼ መጥቻለሁ መሰል» ብላ ልትነሣ ስትል፣ ሀዲያ መቀስና ጨርቋን አስቀመጠች።

«አልተሳሳትሽም። የልጅቱን ነገር ልትጠይቂ አይደል የመጣሽው? ጠይቂኝ። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ።»

ሰብለወንጌል ጠየቀች፣ ሀዲያም ሁሉንም መለሰች። ምንም አልጨመረችም፤ የጨመረችው ነገር ቢኖር ጣሪያው እንደሚያፈስና ቆርቆሮውን የመቱላት ጋሽ አምሳሉ መሆናቸውን ነው።

በማግሥቱ ሰብለወንጌል ሙንተሲርን ቢሮው በር ላይ ያዘችው።

«አቶ ሙንተሲር፣ ከጉዳይ ውይይቱ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። ትናንት ያየሁት ቤት...»

እጁን አነሣ። «ስም እንዳትጠሪ።»

«ስሙን መስማት አለብዎት ብዬ ነው።»

«ምስጢር ጠባቂነት ምንድን ነው?»

«የባለጉዳዩን ማንነት...»

«ቀጥዪ።»

«ለሚመለከተው እንጂ ለማንም አለመግለጽ።»

«እኔም ብሆን ማንም ነኝ» አለ ሙንተሲር ረክቶ። ከሰዓት በኋላም ሞከረች፤ ከሰዓት በኋላም ይህንኑ አስደገማት። ከዚያ ወዲህ ተወችው።

የቀረቡ ጉዳዮች ለሚታዩበት ለጉዳይ ውይይቱ ከሰፈሩ የሕፃናት ድጋፍ ኮሚቴ ሸኽ አብዱልመናንና ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት መስኡዳ የምትባል ባለሙያ ተገኙ። ሰብለወንጌል ስም ሳትጠራ ተናገረች። አንዲት ሕፃን አለች፤ እናቷ ብቻዋን ታሳድጋታለች፤ አባትየው በሕይወት አለ፣ ገቢም አለው፣ ግን እቤት አይገኝም። ታማ ሳለች አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲጠራ አልመጣም።

ሙንተሲር ሰማና ፊቱ ጠቆረ። የምሩን ነው የተቆጣው። ልጅ የሚረሳ አባት ከልቡ ያናድደዋል።

«ይኸ ስሜታዊ ቸልተኝነት ይባላል» አለ። «ረሀብ ብቻ አይደለም ቸልተኝነት። ይህ ሰውዬ ሕፃኗን ለሥነ ልቦናዊ ጫና አጋልጧታል። ምንድን ነው የሚሠራው ለመሆኑ?»

«ከሰው ጋር የተያያዘ ሥራ ነው» አለች ሰብለወንጌል ጠረጴዛውን እያየች።

«እንዲህ ያለው ደግሞ ውጭ ውጭ ሲሉት ጥሩ ሰው ነው። ሐኪም ቤት የወሰዳት ማን ነው?»

«አንድ ጎረቤት ናቸው። በዕድሜ የገፉ።»

«ወንድ?»

«አዎ።»

«ዝምድናቸው?»

«ዝምድና የላቸውም።»

ሙንተሲር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ደም የማይዛመድ ጎልማሳ ወንድ። ይህ እንደ ስጋት መያዝ አለበት።»

«ጎረቤት ነው ተባለ'ኮ» አለች መስኡዳ።

«ጎረቤት በትርጉሞቹ ውስጥ የለም።»

«በኛ ዲን ጎረቤት ሐቅ አለው» አሉ ሸኽ አብዱልመናን ቀስ ብለው። «የናንተ ወረቀት ላይ ከሌለ ጻፉት።» ሙንተሲር አመስግኖ ወደ ውሳኔው አለፈ። አባትየው በአካል ተገኝቶ ይመከር፤ የወላጅነት ክህሎት ሥልጠና ይሰጠው። ሥልጠናውን ማን ይስጥ ሲባል፣ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ራሱ ሙንተሲር እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ያኔውኑ ተነሥተው ሄዱ። ሰብለወንጌል ከፊት፣ ሙንተሲርና ሸኽ አብዱልመናን ከኋላ፣ መስኡዳ ጃንጥላዋን ይዛ ከጎን። ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሰፈር ሲታጠፉ ሙንተሲር ደስ አለው። «የኔ ሰፈር'ኮ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ መኖሩን እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ?» ለጎረቤቶቹ ሰላምታ እየሰጠ ሄደ። ሰብለወንጌል አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ፊት ስትቆም፣ አልፋ እስክትሄድ ጠበቃት። አላለፈችም። አንኳኳች።

ሀዲያ ከፈተች። መጀመሪያ ሸኹን፣ ቀጥላ መስኡዳን ሰላም አለች። ባሏን መጨረሻ ላይ አየችው።

«እንዴት ዋላችሁ። ግቡ። አንተም ግባ» አለች።

ሙንተሲር አመድ መሰለ። ከሥልጠናው ቃላት አንዱን አገኘ። «የጥቅም ግጭት አለ» አለ። «እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ መሳተፍ አልችልም።»

«ድሮም አልተሳተፍክም'ኮ» አለች ሀዲያ፣ ሳትቆጣ።

ሸኽ አብዱልመናን ክንዱን ይዘው «አብሽር፣ ግባ» አሉት። «ቤቱ ያንተ ነው።»

ውስጥ ዑምኩልሱም የቤት ሥራዋን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ሥርዓቱ ሕፃኗ ራሷ እንድትጠየቅ ያዛል፤ ሥርዓቱን በሐይቅ ያስገባው ደግሞ ሙንተሲር ነው። ሰብለወንጌል አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ አባትሽ ምን ቢያደርግልሽ ትወጂያለሽ አለቻት። ልጅቱ አባቷን አየች፣ ሰደርያውን አየች፣ ሰዎቹን አየች።

«አሁን ሥራ ላይ ነው ወይስ ቤት መጥቶ ነው?» አለች።

«ቤት መጥቼ ነው» አለ ሙንተሲር፤ ያ መናኸሪያ የሚያናውጥ ድምፁ አጠገቡ ለተቀመጡት እንኳ በግድ ተሰማ።

«እንግዲያማ እንግዳ ነን፣ ውሃ አጠጣን» አሉ ሸኹ።

ሊያጠጣቸው ተነሣ። ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም፤ ልጁ አሳየችው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ጋሽ አምሳሉ ዘንድ ሄደ። አጥሩን ይጠግኑ ነበር።

«ጋሽ አምሳሉ፣ ዛሬ ስብሰባ ላይ አንቱን በክፉ አነሣሁ። አንቱ መሆንዎን ሳላውቅ ነው።»

«ምን ብለህ አነሣኸኝ?»

«ስጋት ብዬ።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

ሙንተሲር አሰበ። ትርጉሙን ከነመለያ ነጥቦቹ በቃሉ ያውቀዋል። «ምንም ማለት አይደለም» አለ። ጋሽ አምሳሉም «እንዲያ ከሆነ ይቺን ሽቦ ወጥር» አሉትና ወጠረላቸው።

የተወሰነ ነገር ደግሞ መፈጸም ስላለበት ሥልጠናውን ወሰደ። ራሱን ማሠልጠን ስለማይችል ሰብለወንጌል ሰጠችው፤ ራሱ ባዘጋጀው ጽሑፍ። መሀል ላይ እጁን አውጥቶ «ይቺ ዓረፍተ ነገር አልገባችኝም» አለ። ሰብለወንጌል «ለእኔም አልገባችኝም፣ እርስዎ ነዎት የጻፏት» አለችው፤ ተያይተው ዘለሏት። ከዚያ ወዲህ ከሐይቅ ውጭ ያለውን ሥልጠና ለሌላ ሰው እየተወ፣ ጧት ጧት ልጁን ትምህርት ቤት እያደረሰ መሄድ ጀመረ። ዝናው በር ላይ ሲያየው ደንግጦ «ተፈቱ?» አለው። ሙንተሲር ጥያቄው ቢገባውም «አልሃምዱሊላህ» ብሎ አለፈ። ዑምኩልሱም ክፍል ውስጥ ጥያቄ መመለስ ጀመረች፤ አሁን ዝም በይ የምትባልበት ቀን ይበዛል።

ፕሮጀክቱ ይህን ሰማ። ደሴ ያለው ቢሮ ነገሩን «የስኬት ታሪክ» ብሎ ጻፈው፤ «ወደ ቤተሰባዊ ኃላፊነቱ የተመለሰ አንድ አባት» ይላል፣ ስም የለበትም። ኮምቦልቻ ላይ «አባቶች በቤት መገኘታቸው ያለው ፋይዳ» የሚል ዐውደ ጥናት ተዘጋጀና አባትየው ከአንድ ሳምንት በላይ እዚያው ሰንብቶ ተሞክሮውን እንዲያካፍል ተጋበዘ። ሙንተሲር ግብዣውን ለሀዲያ ነገራት። ሀዲያ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም፤ ሂድም አትሂድም አላለችው። አልሄደም።

ዐውደ ጥናቱ ሲያልቅ የወጣው ሪፖርት ላይ ግን በስኬት ታሪኩ አንጻር አጭር ማስታወሻ ገብቷል፤ ባለታሪኩ አባት ሳያስፈቅድ ስለቀረ የባሕርይ ለውጡ ዘላቂነት አጠራጣሪ ነው፣ ክትትልና ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልገዋል ይላል። ሰብለወንጌል ይህን ስታነብለት ሙንተሲር ጋሽ አምሳሉ ጣሪያ ላይ ነበር፣ መዶሻ ይዞ። ዑምኩልሱም ከታች ምስማር ታቀብለዋለች።

«ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አለችው ሰብለወንጌል አንጋጣ።

«ቢሮ የለም በያቸው» አለ፣ «ወጥቷል በያቸው»፣ ምስማሩንም መታው።