አከራይዋና ተከራይዋ ከታረቁ በኋላ

በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በወር አንድ ቅዳሜ ዱቄትና ዘይት ያድል ነበር። እኔ በፈቃደኝነት መዝጋቢ ነበርኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ ቅጹን ትሞላለህ፣ መስፈርቱን ያሟላ ሰው ካርድ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው መስፈርት የራስ ቤት አለመኖር ነው።

የአንዲት ተማሪዬ እናት በግጭት ከክፍለ ሀገር ተፈናቅላ መጥታ፣ ከአየር ጤና ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። እሷን መዘገብኳት። ቀጥለው አከራይዋ መጡ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የሌላቸው ሴት ናቸው።

"ቤት አለዎት?"

"እንዴታ! ቤት የሌለኝ መሰለህ?" አሉኝ ኮራ ብለው።

"አለ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ጣሪያው እንደሚያፈስ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ዱቄትና ዘይት በእሳቸው በር አልፎ ተከራያቸው ክፍል ይገባ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ታካፍላቸው ነበር። ድርጅቱ ድርሻዋን ሲቀንስ ግን ለልጇም አልበቃ አለና ተወች። እሳቸው ሰላምታ ነሷት፤ ቀጥሎ ቧንቧውን ቆለፉባት፤ በመጨረሻም "ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቂልኝ" አሏት።

በሌሎች ግቢዎችም እንዲህ ያለ ጠብ በዛ። ድርጅቱ እርዳታው ራሱ ጎረቤት እያጣላ መሆኑን ተረዳ፤ የሚታደለውም እያለቀ ነበር። ስለዚህ ወደ ሰላም ግንባታ ዞረ። ከረጢት ይቆለልበት በነበረው ቦታ ወንበር በክብ ተደረደረ፤ እኔም ሦስት ቀን ሠልጥኜ አወያይ ሆንኩ። ሥርዓት ያለው ነገር ስለምወድ ደስ አለኝ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ የሰማውን ይደግማል፣ ከዚያ የራሱን ይናገራል። ይህንን ሰሌዳ ላይ በሦስት ቀለም ጻፍኩና ሁለቱን ሴቶች ጠራኋቸው።

"እትዬ፣ ሰስቼ አይደለም" አለች ተከራይዋ። "ልጄ አልጠገብኩም ስትለኝ ነው።"

"እማማ፣ የሰሙትን ይድገሙልን" አልኩ።

"ተማሪህ ነኝ እንዴ?" ሲሉ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ልጄ ባትጠግብ ነው ማካፈሌን የተውኩት ትለኛለች። ይኸው፣ ደገምኩልህ።"

ተነስተው አቀፏት። እሷ ጉልበታቸውን ሳመች። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም እንባዬ መጣ። ሪፖርቱ ላይ "ታርቀዋል" ብዬ ጻፍኩ።

ስንወጣ አከራይዋን ጠጋ አልኳቸው።

"እንግዲህ ቤቱን አትለቅም አይደል?"

"ትለቃለች እንጂ።"

"ታርቃችኋል እኮ!"

"ከልቤ ነው የታረቅኩት፣ እግዜር ያውቃል። ግን አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ክፍሉን ለዕቃ ማስቀመጫ ፈልጎታል፤ የሚሰጠኝ የእሷን እጥፍ ነው። እኔስ በልቼ ማደር የለብኝም? ወይ እኔንም መዝግበኝና ዱቄቱን አምጣው፣ እሷም ትቀመጥ።"

"እርዳታው ቆሟል፣ እማማ።"

"ታዲያ በምን ላቆያት፣ ቲቸር? በጭብጨባ?"

ለድርጅቱ አስተባባሪ ደወልኩ። የቤት ጉዳይ በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ እንደሌለ በትሕትና አስረዳኝና ለዕርቁ አመሰገነኝ። የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅሁ፤ ከደላላም ጋር ኮልፌን ዞርኩ። በእሷ አቅም የሚገኝ ክፍል አልነበረም። የተገኘው ከከተማው ዳር ነው፤ ከዚያ ልጅቷ ወደ እኛ ትምህርት ቤት ልትመላለስ አትችልም። የትምህርት ቤት መልቀቂያዋን የጻፍኩላት እኔ ነኝ።

ዕቃ የሚጫንበት ቀን ሄድኩ። ሁለቱ ሴቶች እየተላቀሱ ባጃጁ ላይ ፍራሽ ይጭናሉ። አከራይዋ ለመንገድ ቆሎ ቋጥረው ለልጅቷ ሰጧት። ቢጣሉ ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አያቸው ጀመር።

"ቲቸር፣ አትገተር" አሉኝ አከራይዋ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። "ገመዱን በዚያ በኩል ሳብልኝ።"

ሳብኩላቸው።