ታጥቦ የተመለሰ ደም

ታናሽ ወንድሜ መታመሜን ሰምቶ ደም ሊሰጠኝ ከዘንዘልማ ባሕር ዳር መጣ። ከተኳረፍን አራት ዓመታችን ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በአንድ ክንድ ድንበር ከጎረቤቱ ጋር የገጠመውን ሙግት ጋዜጣ ላይ ጽፌ አገር አስቄበታለሁ። ስሙን አልጠራሁም። ለዘንዘልማ ሰው ግን ስም አያስፈልገውም።

አንዱ የልቤ ቫልቭ ሊቀየር ስለሆነ ደም ለጋሽ አምጣ ተባልሁ። ዘመዶቼን ጠየቅሁ። አንዱን ደም ግፊት፣ ሌላዋን ማዞር፣ የአጎቴን ልጅ ደግሞ የመርፌ ፍርሃት ድንገት ያዛቸው። ዘመድ መከታ ነው የሚሉ ሰዎች ደም ጠይቀው አያውቁም።

በኋላ ሐኪሙ፣ «ቀዶ ሕክምናው ላይ የሚፈሰውን የራስዎን ደም መሣሪያ መጥጦ፣ አጥቦ ይመልስልዎታል» አለኝ። «ቢሆንም ለክፉ ቀን ሁለት ለጋሽ አይጥፋ።»

ይህን የመጨረሻውን ለወንድሜ አልነገርሁትም።

አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ፊቱ ወዝቷል።

«ሁለት ሳምንት ሥጋና እንቁላል ስበላ ከረምሁ፣ ጋሼ። ደሙ ውኃ እንዳይሆንብህ ብዬ።»

«በሁዳዴ?»

«የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ ነው።»

ልጅ ሳለን ታሞ እንኳ በጾም ወተት አልቀምስም ብሎ እናታችንን ያስለቀሰ ሰው ነው። አሁን እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። ዝም ማለት እችል ነበር።

«በከንቱ ገደፍኸው» አልሁት። «መሣሪያ መጥቷል። የራሴን ደም አጥቦ ይመልስልኛል። ያንተን አልፈልግም።»

«ትንሽም?»

«ጠብታም!»

ከጎኔ የተኙት ሽማግሌ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሳቃቸው ደስ አለኝ። ወንድሜ እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ፤ ቁልፉን ቆለፈ፤ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ወጣ። ጣናን በሚያሳየው መስኮት በዓይኔ ተከተልሁት። ባጃጅ አላቆመም፤ በእግሩ ሄደ።

ለክፉ ቀን የተባለውን ደም ሁለት የኮሌጅ ባልደረቦቼ ሰጡ፤ አንዱን በሰላምታ ብቻ ነው የማውቀው። መሣሪያው ስለበቃ ደማቸው አልተነካም።

ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ለወንድሜ ደወልሁ። ሚስቱ አነሳች።

«ይቅርታ ልጠይቀው ነበር» አልኋት።

«ጋሼ ናቸው፤ ይቅርታ ልጠይቀው ነው ይላሉ፤ እንካ» ስትለው ሰማሁ።

የወንድሜ ድምፅ ከወዲያ ተሰማኝ።

«ድኗል ወይ በይው» አላት።

«ድኛለሁ!» አልሁ፣ እስክትጠይቀኝ ሳልጠብቅ።

«ድኛለሁ ይላሉ።»

«ደግ ነው። በይ ዝጊው።»

«እግዜር ይማርዎት፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ዘጋችው።