ልጄን በተጋጣሚ ማልያ ያየሁበት የደብረ ታቦር ጉዞ

እሑድ፣ ንጋት 11፡40፣ ባሕር ዳር መናኸሪያ

የቡድናችን ደጋፊዎች ሳምንቱን ሙሉ በቴሌግራም ሲፎክሩ ሰነበቱ። የውድድር ዘመኑ መክፈቻ ከሜዳችን ውጭ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነው፤ «ከተማዋን ሰማያዊ እናለብሳታለን» ያላለ አልነበረም። ንጋት ላይ መናኸሪያ በር እንድንገናኝ ተቀጣጠርን። አሁን በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ቆሎ ሻጮች፣ ረዳቶች፣ ጆንያ የተሸከሙ ገበሬዎች ይተላለፋሉ። ሰማያዊ ሻርፕ ያደረግሁ እኔ ብቻ ነኝ። ለደጋፊ ኮሚቴያችን ጸሐፊ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ለሌላው ደወልኩ፤ «መምህር፣ ልጄን አሟት ነው» አለኝ፣ በእንቅልፍ ድምፅ።

በሌላ ዓመት ቢሆን እኔም ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ዘንድሮ ግን ለማንም ያልነገርኩት ጉዳይ አለኝ። ልጄ አንዱዓለም ለደብረ ታቦሩ ቡድን ይጫወታል። ከተያየን ሁለት ዓመት ሆኖናል።

1፡30፣ ሐሙሲት

ጋቢና ነው የተቀመጥኩት። ሐሙሲት ላይ ሁለት ሰው ወረደ፣ አንዲት ሴት ዶሮዎቿን ይዛ ገባች። ሾፌሩ ሻርፔን ሲያይ ቆይቶ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ለኳሱ ነው?»

«አዎ።»

«ብቻዎን?»

«ሌሎቹ ከኋላ ይመጣሉ» አልኩት።

«ደብረ ታቦር ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

2፡20፣ ወረታ

የተሳፈርኩበት መኪና እዚህ ያበቃል። የፎገራ ሩዝ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ መቅላት ጀምሯል። የደብረ ታቦሩ ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያንን ቀን አሰብኩት።

የአንዱዓለም እናት ካረፈች በኋላ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ የደጋፊዎች ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ቡድኑ ከታዳጊዎቹ ተጫዋች ሲመርጥ አሰልጣኙ ቢሯችን ድረስ መጣ። «መምህር፣ አንድ ቦታ ቀርታኛለች። ልጅህን ልያዘው ወይስ ይቆይ?» አለኝ። አንዱዓለም ቀድመው ከተያዙት ልጆች ከሁለቱ እንደሚሻል አውቃለሁ። የኮሚቴ አባል ልጁን አስገባ እንዳልባል ግን ፈራሁ። «ይቆይ፤ ገና አልበሰለም» አልኩ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ለልጄ እንኳ ያላዳላሁ ሰው ነኝ ብዬ። በሳምንቱ ልብሱን በአንድ ሻንጣ አድርጎ ወጣ። የት እንደሚሄድ አልነገረኝም። የደብረ ታቦሩ ቡድን የተጫዋቾች ዝርዝር ሲወጣ ነው ስሙን ያየሁት። በዓል ሲሆን እደውላለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?» ይላል፤ በዚያው ያልቃል።

4፡15፣ ደብረ ታቦር

ከዓለም በር በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሩዙ ቀርቶ ገብስና ስንዴ ይመጣል፣ ባሕር ዛፍ ይበዛል፣ ተሳፋሪው አንድ በአንድ ጋቢውን ይከናነባል። የጉና ተራራ አናቱን በደመና ሸፍኗል። ከተማው ስገባ ሻርፔን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ ራሴንም አልጠየቅኩም።

ጨዋታው 9 ሰዓት ነው። አስፋልቱን ወጥቼ ወረድኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጭ የለበሱ ሰዎች በቡድን በቡድን እያወጉ ያልፋሉ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሜዳው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ባለቤቷ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ግድግዳዋ ላይ የተጫዋቾቹ ፎቶ ተለጥፏል። ልጄ ከኋላ ረድፍ፣ ዳር ላይ ቆሟል። ከስቷል።

«ልጆቹ እዚህ ነው የሚበሉት?» አልኳት።

«እዚህ ነው። ሁሉም ልጆቼ ናቸው።» ጣቷን አንዱዓለም ላይ አደረገች። «ይኼን ያዩታል? አምና ክረምት ታይፎይድ ይዞት ሦስት ሳምንት ተኛ። አጥሚት እያጠጣሁ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ። «ቤተሰብ የለውም?»

«እናቱ ሞታለች መሰለኝ። አባቱን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።»

አባቱ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

9፡00፣ ሜዳው

ለእንግዳ ደጋፊ ተብሎ በገመድ የተከለለው ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ብቻዬን መቀመጥ ከበደኝና ከአገሬው ሰው መሃል ገባሁ። አጠገቤ ከጋሳይ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

አንዱዓለም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል የእኛ አጥቂ አገባ። ሜዳው ዝም አለ። ሃያ ዓመት የደገፍኩት ቡድን እየመራ ነው፤ ደስታው ግን አልመጣልኝም። ዓይኔ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር አልነቀል አለ።

ከእረፍት በኋላ አሰልጣኛቸው ጠራው። አረንጓዴውን ማልያ ወደ ቁምጣው እየከተተ ገባ፤ ቀኝ መስመር ላይ፣ ከእኔ ሠላሳ እርምጃ ርቆ። ሩጫው ያው የድሮው ነው፤ አንገቱን ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሁለት ጊዜ ኳስ ቀሙት። አንድ ጊዜ ወደቀና ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ቆየ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተከላካዩን አልፎ አሻማ፤ ረጅሙ አጥቂያቸው በግንባሩ ገጨና አገባው። አንድ ለአንድ።

ሜዳው በሙሉ ተነሣ። እኔ እጆቼን ከጭኖቼ ሥር አድርጌ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ሽማግሌው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ምነው፣ አመመህ?»

«አይ፣ አባቴ። ያ ያሻማው ልጅ የእኔ ነው።»

ትንሽ አዩኝ። «ታዲያ ለምን ቁጭ አልክ?»

ብብቴን ይዘው አስነሡኝ። ስቆም ጩኸቱ በርዶ ነበር፤ ተጫዋቾቹም ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ነው።

11፡10፣ የሜዳው በር

የመጨረሻው የባሕር ዳር መኪና ሊወጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ቆምኩ። ተጫዋቾቹ እየሳቁ ወጡ። አንዱዓለም ሲያየኝ ሳቁ ጠፋ፤ ለጓደኞቹ «ቅደሙ» አላቸው። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አነሣሁት።

«ከደጋፊዎቹ ጋር ነው የመጡት?»

«ብቻዬን ነው።»

መንገድ ላይ ያሰናዳሁትን ንግግር ሁሉ ረሳሁትና «ያን ጊዜ አሰልጣኙ ሲጠይቀኝ...» ብዬ ጀመርኩ።

«በሩ ላይ ነበርኩ፣ አባዬ። ሰምቻለሁ።»

«ሰው እንዳያማኝ ብዬ ነው። እንደምትሻል አውቅ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

የተሻለውን ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፊቱን አዞረ። «እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ የሮጥኩት ከልብዎ አልበቃም ያሉ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አውቀው ከሆነ ይብሳል።»

«ይብሳል» አልኩ። «አጠፋሁ።»

አልጋ ያዘልኝ። ቡድኑ አብሮ እራት ስለሚበላ መሄድ ነበረበት። «ነገ ጧት መናኸሪያ አደርስዎታለሁ» ብሎኝ ወጣ። ማድረስ የፈለገው እንድሄድለት ይሁን ለሌላ፣ ማወቅ አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ጧት 1፡00፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ

መጣ። እያነከሰ ነው የመጣው። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ መኪናው ሳይሞላ አይወጣም። አጠገቤ ተቀመጠ።

ስለ ኳስ አላወራንም። የጓሮው ማንጎ አፍርቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ስለ ታይፎይዱ ጠየቅሁት። «ማን ነገረዎት?» አለ፤ ነገርኩት። «ልደውል ብዬ ስልኩን ስንቴ አንስቻለሁ» አለና ወደ ጉልበቱ አየ። የእናቱን መቃብር አጥር እንዳሳደስኩ ነገርኩት። ይህን ሁሉ ስናወራ አንድ ሰው ገባ፣ ሁለት ገቡ፣ ተማሪዎች ገቡ። ሰው በገባ ቁጥር ከፋኝ። ረዳቱ «ባሕር ዳር፣ አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ፣ ያ አንድ ሰው እንዲዘገይ ለመንኩ።

ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች። አንዱዓለም ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት። በመስኮቱ እጄን ያዘና «ሲገቡ ይደውሉ» አለኝ።

5፡20፣ ባሕር ዳር

ገባሁ። ደወልኩለት፤ አላነሣም፤ ልምምድ ላይ ይሆናል። በሩን ከፈትኩ፤ ቤቱ ትላንት እንደተውኩት ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከፊቴ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።